የጥራት ሥራ አመራር ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተመለሱት ጥያቄዎች ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሱ፣ ደሴ ላይ ዳቦ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም ክሊኒክ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የዱቄትና የጨርቅ ምሳሌ የበዛው ሁለቱም በአካባቢው የቆዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው፤ አሠራሩ ለሌላውም ይሠራል።

ጥራት ተቆጣጣሪ ቀጥረናል። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ተቆጣጣሪው የሚያየው ያለቀውን ምርት ነው። የተበላሸውን ይለያል፤ ነገር ግን ስንዴው ተፈጭቷል፣ መብራቱ ተቆጥሯል፣ የሠራተኛው ሰዓትም ሄዷል። የጥራት ሥራ አመራር የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፦ ጥሬ ዕቃው ከማን ይገዛል፣ በር ላይ ሲደርስ ምኑ ይታያል፣ ማሽኑ በምን ልክ ይስተካከላል፣ ማን ሠልጥኖ ይይዘዋል፣ ሲበላሽ ለማን ይነገራል፣ የደንበኛ ቅሬታ የት ይመዘገባል። እነዚህ ሁሉ ተያይዘው አንድ አሠራር ሲሆኑ ነው ጥራት እየተመራ ነው የሚባለው።

ድርጅትዎ የት እንዳለ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል። የቀን ፈረቃው ፎርማን ነገ ሥራ ቢለቅ፣ ከነገ ወዲያ የሚወጣው ምርት ከዛሬው ጋር አንድ ይሆናል? መልሱ «እሱ ከሌለማ...» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ጥራቱ ያለው ሰውዬው ዘንድ ነው፤ ሰውዬው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ከድርጅቱ ዕድሜ ጋር ምን ያገናኘዋል? ገበያ ካለ ድርጅት ይኖር የለም?

ገበያ እያለው የሚዘጋ ድርጅት ብዙ ነው። ገንዘቡ የሚያልቀው በሒሳብ መዝገብ ላይ ስም በሌለው ወጪ ነው። በዘርፉ ይህ ወጪ በአራት ይከፈላል፦ ብልሽት እንዳይፈጠር የሚወጣ (ሥልጠና፣ ጥገና፣ የአቅራቢ ምርጫ)፣ ለመፈተሽ የሚወጣ፣ ብልሽቱ ግቢ ውስጥ ሲገኝ የሚወጣ (ድጋሚ ሥራ፣ ውዳቂ)፣ ብልሽቱ ደንበኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሚወጣ (ተመላሽ፣ ካሣ፣ የጠፋ ደንበኛ)። የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ ድርጅት ግን የመጀመሪያውን ቆጥቦ አራተኛውን ይከፍላል።

በቁጥር እንየው። አንድ ዱቄት ፋብሪካ በቀን 800 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ያወጣል እንበል። ሠራተኛው እንዳይጎድልበት ፈርቶ በእያንዳንዱ ላይ በአማካይ 300 ግራም ይጨምራል። በቀን 240 ኪሎ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 72,000 ኪሎ፣ ማለትም 720 ኩንታል ዱቄት በነጻ ወጣ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላማረረም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም። አሁን በገበያ ያለውን የኩንታል ዋጋ አባዝተው ይመልከቱት።

ሌላው ጉዳት ደግሞ በቁጥር አይታይም። የተከፋ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አይጣላም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። የደሴ ጋጋሪ ዱቄቱ አንድ ሳምንት ሊጥ አላነሳ ካለው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ድረስ ሊከራከር አይመጣም።

ስምንት ሠራተኛ ነው ያለኝ። ለእኔም ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቢሮና ክፍል አያስፈልግም። ሦስት ደብተር ይበቃል፦ አንዱ የገባ ጥሬ ዕቃ፣ አንዱ የብልሽትና የድጋሚ ሥራ፣ አንዱ የደንበኛ ቅሬታ። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሥራ ሳይጀመር፣ 20 ደቂቃ ሦስቱን ገልጦ ማንበብ። ትንሽ ድርጅት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባለቤቱ ራሱ መስመሩ ላይ ስለሚውል የወሰነው ነገር በዚያው ቀን ሥራ ላይ ይውላል።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከሰነድ አይጀምሩ። ከብልሽት ይጀምሩ።

የመጀመሪያውን ወር ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ። ቀን፣ ፈረቃ፣ ማሽን፣ የብልሽቱ ዓይነት፣ ብዛት፤ አምስት ዓምድ ያለው አንድ ወረቀት ማሽኑ አጠገብ ይሰቀል፣ እስክሪብቶው በክር ይታሰር። ሠራተኛው የመዘገበው ብልሽት ከደመወዙ የሚቆረጥ ከመሰለው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር፦ ለተመዘገበ ብልሽት ማንም አይቀጣም። ቃሉም ይጠበቅ። አንድ ጊዜ ከፈረሰ መልሶ ማመን ዓመት ይፈጃል።

በሁለተኛው ወር ወረቀቶቹን ደምረው በብዛት ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት የብልሽት ዓይነት አብዛኛው ጉዳት ይመጣል። አንዱን ብቻ ይምረጡ። አምስት ችግር በአንድ ጊዜ የያዘ ድርጅት አንዱንም አይጨርስም።

በሦስተኛው ወር ለመረጡት ችግር መንስኤውን ፈልገው አሠራሩን ይቀይሩ፣ አዲሱን አሠራር በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ ቁጥሩ መውረዱን በዚያው ወረቀት ይከታተሉ። ሲወርድ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። ማቀድ፣ መተግበር፣ ማረጋገጥ፣ ማስተካከል የሚባለው ዑደት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚቀረው ማረጋገጡ ነው፦ አሠራሩ ይቀየራል፣ ውጤቱን ግን ማንም ቆጥሮ አያውቅም።

አሠራሩን በጽሑፍ አስቀምጠን ነበር፤ ማንም አያነበውም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው ሥራውን የማይሠራው ሰው ስለሆነ ነው። አማካሪ ከሌላ ድርጅት ያመጣውን 60 ገጽ ስሙን ቀይሮ ያስረክባል። የጨርቅ ማቅለሚያ ሠራተኛ እጁ እርጥብ ሆኖ 60 ገጽ አይገልጥም።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ሥራውን ከሁሉ አስተካክሎ የሚሠራውን ሠራተኛ መርጠው አጠገቡ ቆመው ይጻፉ። እያንዳንዱ እርምጃ በግሥ ይጀምር፦ «ክፈት»፣ «መዝን»፣ «ጠብቅ»። ልክ ያለው ነገር በቁጥር ይጻፍ፤ «በደንብ እስኪሞቅ» አይባልም፣ «60 ዲግሪ እስኪደርስ» ይባላል። ከዚያ ሥራውን ለማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ሰጥተው ያሠሩት። የተደናገረበት ቦታ የጽሑፉ ስሕተት ነው። በመጨረሻ በአንድ ገጽ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከነቀኑና ከነፊርማው ማሽኑ ላይ ይለጠፍ። ሲታደስ አሮጌው ይነሳ፤ ሁለት ዓይነት መመሪያ አንድ ግድግዳ ላይ መገኘቱ ኦዲተር ቶሎ የሚያየው ግድፈት ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ ያለ ጨርቅ መብራት ጠፍቶ 40 ደቂቃ ቢቆም ሙቀቱ ይወርዳል፣ ቀለሙ ወጥ ሆኖ አይዝም። ጀኔሬተር እስኪነሳ ወይም መብራት እስኪመለስ ያለው ጊዜ ይመዝገብ፣ ያ ጥቅል ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጥ፣ ከደረጃው ናሙና ጋር በተመሳሳይ ብርሃን ተያይቶ ይወሰን። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ የማታ ፈረቃው ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ልብስ ሰፊው እጅጌውንና ደረቱን ሲያገጣጥም ነው።

መለኪያዎቻችን ትክክል መሆናቸውን በምን እናውቃለን?

ሁለት ነገር ለይተው ይያዙ። ካሊብሬሽን መሣሪያው ከታወቀ መነሻ ልክ ጋር በብቁ ላቦራቶሪ ሲነጻጸር ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ይደረጋል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጥበታል። የየዕለቱ ማረጋገጫ ደግሞ በራስዎ ሰው በየጠዋቱ የሚደረግ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጥር ላይ ካሊብሬት የተደረገ ሚዛን የካቲት ላይ ከረጢት ተጥሎበት ሊዛባ ይችላል።

ለሚዛን፦ 20 ኪሎ መፈተሻ ክብደት ይኑርዎት፤ ለሌላ ሥራ አይዋል፣ አይቀባ፣ አይዝግ። ጠዋት ሚዛኑ በርቶ ዜሮ ላይ ሲቆም መጀመሪያ መሐል፣ ቀጥሎ አራቱም ማዕዘን ላይ ያስቀምጡት። መሐሉ ልክ ሆኖ አንዱ ማዕዘን ከለየ መድረኩ ሥር ዱቄት ተጠራቅሟል ወይም እግሩ አልተስተካከለም።

ለቴርሞ ሜትር፦ እዚህ አካባቢ ስንጠየቅ ደጋግመን የምናርመው ስሕተት አለ። ሰዎች ቴርሞ ሜትሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ከትተው 100 ካላሳየ «ተበላሽቷል» ብለው ይጥሉታል፣ ወይም 100 እስኪል ያስተካክሉታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 አካባቢ። ደሴ ላይ በፈላ ውሃ 100 የሚያሳይ ቴርሞ ሜትር ነው የተሳሳተው። በዚህ መንገድ «የተስተካከለ» ቴርሞ ሜትር የያዘ ወተት አቀነባባሪ 72 ዲግሪ አደረስኩ ሲል እውነተኛው ሙቀት 64 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ወተት በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በ64 ዲግሪ ግን 15 ሰከንድ ምንም አይጠቅመውም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለዕለት ማረጋገጫ የበረዶ ውሃ ይጠቀሙ፦ የተፈጨ በረዶ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት፣ እየተማሰለ፣ ዜሮ ማሳየት አለበት። ይህ በየትም ከፍታ አይለወጥም።

ከአንድ ጭነት ስንት ናሙና ልውሰድ? አሥር በመቶ ልክ ነው?

አሥር በመቶ ቀላል ቢመስልም ያሳስታል። ከ100 ልብስ አሥር ማየት በጣም ትንሽ ነው፤ ከ5,000 ልብስ 500 ማየት ደግሞ ከሚገባው በላይ ነው። ገዢዎች የሚጠቀሙበት፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያወጣው አይኤስኦ 2859 ክፍል 1 ሠንጠረዥ አለ። ለምሳሌ 1,000 ልብስ ያለው ጭነት በመደበኛ ፍተሻ፣ በ2.5 የተቀባይነት ደረጃ (ገዢው ከመቶ ስንት ብልሽት እንደሚታገሥ የሚያሳይ ቁጥር)፣ 80 ናሙና ይወሰድበታል፤ እስከ 5 ብልሽት ከተገኘ ያልፋል፣ 6 ከሆነ ይመለሳል። ናሙናው ከሁሉም ካርቶን፣ ከላይም ከታችም ይወሰድ። አቅራቢ በር አጠገብ የሚደረድረው ምርጡን ነው።

ለጥቅል ጨርቅ ደግሞ የአራት ነጥብ አሠራር አለ። እስከ 3 ኢንች የሚደርስ እንከን 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4 ይሰጠዋል፤ በአንድ ያርድ ርዝመት ከ4 በላይ አይቆጠርም። ጠቅላላ ነጥቡን በ3,600 አባዝተው ለርዝመቱ በያርድና ለስፋቱ በኢንች ብዜት ያካፍሉ። 100 ያርድ ርዝመት፣ 60 ኢንች ስፋት ያለው ጥቅል 45 ነጥብ ቢያገኝ ውጤቱ 27 ነው። በብዙ ገዢ ዘንድ ወሰኑ 40 ስለሆነ ያልፋል።

ክብደቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ኦፕሬተሩ ማሽኑን ይነካካል። ትክክል ነው?

አይደለም፤ ጉዳቱም ከሚታሰበው በላይ ነው። ማንኛውም ማሽን የራሱ የተፈጥሮ መዋዠቅ አለው። 50.1 በወጣ ቁጥር መቀነስ፣ 49.9 በወጣ ቁጥር መጨመር መዋዠቁን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። ኦፕሬተሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መቼ መንካት፣ መቼ መተው እንዳለበት የሚነግረው ነገር አልተሰጠውም።

የሚነግረው የቁጥጥር ቻርት ነው። በየሰዓቱ አምስት ከረጢት ተከታትለው ይመዝኑ። አማካዩን ይጻፉ፤ ከትልቁ ትንሹን ቀንሰው ልዩነቱን ይጻፉ። 20 ወይም 25 ዙር ሲሞላ የአማካዮቹን አማካይ መሐል መስመር ያድርጉት። የልዩነቶቹን አማካይ በ0.577 አባዝተው ከመሐሉ ላይ ይደምሩ፣ ይቀንሱም። ለምሳሌ መሐሉ 50.10 ኪሎ፣ የልዩነት አማካዩ 0.20 ከሆነ ወሰኖቹ 50.22 እና 49.98 አካባቢ ናቸው። የአምስቱ አማካይ በዚህ ውስጥ እስካለ ድረስ ማሽኑ አይነካ። ከወሰን ከወጣ፣ ወይም ስምንት ነጥብ ተከታትሎ ከመሐሉ በአንድ ወገን ከዋለ፣ ያኔ የተለወጠ ነገር አለ፤ ይፈለግ። በ0.577 ማባዛት ናሙናው አምስት አምስት ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው።

ያው ችግር በየወሩ ይመለሳል። ምን እያጠፋን ነው?

የመዝገባችሁን «የተወሰደ እርምጃ» ዓምድ ተመልከቱ። «ሠራተኛው ተገሥጿል»፣ «ማስታወቂያ ተለጥፏል» የሚል ከበዛ መንስኤው ገና አልተነካም። የተበላሸውን ማስተካከል አንድ ሥራ ነው፤ እንዳይደገም ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

ለምን የሚለውን ደጋግመው ይጠይቁ። ከረጢቱ ለምን ተፈታ? ስፌቱ ዘለለ። ለምን ዘለለ? መርፌው ደንዝዟል። ለምን አልተቀየረም? ስቶር ውስጥ መርፌ አልነበረም። ለምን አልነበረም? የመለዋወጫ ትዕዛዝ የሚወጣው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ መፍትሔው ለመርፌ ዝቅተኛ የክምችት መጠን መወሰን እንደሆነ ይታያል፤ ሰፊዋን መገሠጽ ምንም አይለውጥም ነበር። ጥያቄው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ ይጠየቅ፣ እያንዳንዱ መልስ ደግሞ በዓይን በታየ ወይም በተመዘገበ ነገር ይደገፍ።

ካይዘን ጀምረናል። አይኤስኦ 9001 ደግሞ ሌላ ነው?

ይደጋገፋሉ። ካይዘን የሚባለው የጃፓን የማያቋርጥ ማሻሻያ ዘዴ ከታች ይነሳል፤ በማጣራት፣ በማስቀመጥ፣ በማጽዳት፣ በማላመድና በማዝለቅ ይጀምርና በልማት ቡድኖች አማካይነት በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ያሻሽላል። አይኤስኦ 9001 የሚባለው የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ ከላይ ይይዛል፦ የአመራር ኃላፊነት፣ የስጋት ዕቅድ፣ የአቅራቢ ቁጥጥር፣ የውስጥ ኦዲት። ካይዘን የያዘ ድርጅት ለአይኤስኦ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ካይዘን ብዙ ጊዜ የሚቆመው ማዝለቅ ላይ ነው። በማያስፈልገው ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ተለጥፎ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በሦስተኛው ወር ዕቃው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ ዞሮ የሚያይ ስሙ የታወቀ ሰው አልተመደበም።

የአይኤስኦ 9001 ምስክር ወረቀት እንዴት ይገኛል? ስንት ጊዜ ይቆያል?

አይኤስኦ ራሱ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ደረጃውን ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የሚመረምረውና የሚሰጠው የሰርተፊኬሽን ተቋም ነው፤ በአገራችን የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይህን ይሠራል፣ የውጭ ተቋማትም አሉ። ከመዋዋልዎ በፊት ተቋሙ ለዚህ ሥራ አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) እንዳለው ይጠይቁ።

ኦዲቱ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ሰነድና ዝግጁነት ይታያል፤ በሁለተኛው መስመሩ ላይ ወርደው የተጻፈው እየተሠራ መሆኑን ያያሉ። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የውስጥ ኦዲትና አንድ የአመራር ግምገማ ማካሄድ አለብዎት፤ የሦስት ወር ያህል መዝገብ ቢኖር ይመረጣል። ከባድ ግድፈት ከተገኘ ሳይታረም ምስክር ወረቀት አይሰጥም። ከተሰጠ በኋላ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ እትም የጥራት ማኑዋል የሚባለውን ጥራዝ አያስገድድም፤ ስለዚህ ማኑዋል ብቻ ለመጻፍ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ ይጠንቀቁ። አማካሪ ሆኖ አሠራሩን የዘረጋልዎ አካል ራሱ ምስክር ወረቀት ሊሰጥዎ አይችልም፤ «ሁለቱንም በአንድ ጥቅል» የሚል ቢመጣ አይቀበሉ።

ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይለቅብናል። አሠልጥነን አሠልጥነን ለሌላ ነው። ምን እናድርግ?

የክህሎት ሰሌዳ ይሥሩ። በግራ የሠራተኛ ስም፣ ከላይ የሥራ ዓይነት፤ በየሳጥኑ አራት ደረጃ፦ እየተማረ፣ በክትትል የሚሠራ፣ ብቻውን የሚሠራ፣ ሌላ ማሠልጠን የሚችል። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ሥራ በየፈረቃው ቢያንስ ሁለት ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ከሌሉ አደጋ ነው፤ ሠራተኛው መልቀቂያ ከማስገባቱ በፊት የሚታየው እዚህ ሰሌዳ ላይ ነው። የሚለቀውን ለምን እንደሚለቅ ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ከደመወዝ ቀጥሎ የማታ ፈረቃ ትራንስፖርት ነው። ይህም የጥራት ጉዳይ ነው።

መዝገቦቻችን ቢጠፉስ?

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በቀናት ልዩነት ነው ያዳረሳቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ኮምቦልቻ፣ ቅጂውን ደሴ ማስቀመጥ ቅጂ አለኝ አያሰኝም። የምርት ቀመር፣ የማሽን ልኬት፣ የአቅራቢ ዝርዝር፣ የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀትና የክህሎት ሰሌዳ፣ እነዚህ አምስቱ በየወሩ በስልክም ቢሆን ፎቶ ተነስተው ከአካባቢው ውጭ ያለ ኮምፒውተር ላይ ወይም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጡ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው። ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ 20 ዓመት ሙሉ የተስተካከለ የማቅለሚያ ቀመር ግን የሚሸጥበት ቦታ የለም።

የአመራር ግምገማ በየስንት ጊዜ ይካሄድ?

አይኤስኦ 9001 «በታቀደ ጊዜ» ይላል፤ ብዙዎች በዓመት አንዴ፣ ያውም ኦዲተር ሊመጣ ሲል ያደርጉታል። በየሦስት ወሩ ይሻላል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይምራው። አጀንዳው፦ የቅሬታ ብዛትና ዓይነት፣ የብልሽት ወጪ በብር፣ የአቅራቢዎች ውጤት፣ የውስጥ ኦዲት ግኝት፣ ባለፈው ግምገማ ከተወሰነው ምን ተፈጸመ። ከመጨረሻው ይጀምሩ፤ ያለፈው ሳይፈጸም አዲስ ውሳኔ አይጨመር። እያንዳንዱ ውሳኔ የአንድ ሰው ስምና አንድ ቀን ይኑረው። «የሚመለከታቸው ክፍሎች በተቻለ ፍጥነት» ተብሎ የተጻፈውን ለማስፈጸም የሚጠየቅ ሰው የለም።